አፉን ያመነ ሽማግሌ

ጠበቃ አብዱናሲር በአዳማ ችሎቶች የሚታወቀው ወረቀት ሳይዝ በመከራከር ነበር። አንቀጹንም የምስክሩንም ቃል ከራሱ እያወጣ ሲያንበለብለው፣ ባለጉዳይ የራሱን ጉዳይ ረስቶ ይሰማው ነበር። ስለዚህ የእህቱ ልጅ ካሚል መቂ ላይ ያያትን ልጅ አገባለሁ ብሎ ሲነሳ፣ ሽምግልናውን ማን ይምራው ተብሎ አልተመከረም።

ለመሄድ በተነሱበት ጠዋት፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የልብስ ስፌት መኪና የሚጠግነው ካሚል የአጎቱን ስልክ ተቀብሎ ይነካካ ጀመር።

«ጋሼ፣ ይቺን አዩዋት? ማስታወሻ ናት። ከስልኩ ጋር አብራ የመጣች፤ ጫኑኝ አትል፣ ኢንተርኔት አትጠይቅ። የልጅቷን ስም፣ የቤተሰቡን ስም፣ መባል የሌለበትንም ጽፌልዎታለሁ። በር ላይ ሲደርሱ አንዴ ያዩታል፣ በቃ።»

«ለእኔ?» አለ አብዱናሲር። «የእናቱን ስልክ ቁጥር በቃሉ የማያውቅ ትውልድ እኔን ስም ሊያስጠና!»

«ወላሂ ንቄ አይደለም። እኔ ራሴ የየመኪናውን ብልሽት እዚሁ ነው የማሰፍረው። ሲጠፋብኝ አንዲት ቃል እጽፋለሁ፣ ፈልጋ ታመጣልኛለች። ጭንቅላቴ ቀለለኝ።»

«ቀለለህማ፤ ባዶ ሆነ!»

ካሚል ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የምንጠይቃት አማል ናት፣ ታናሽየዋ። ታላቋ ሉብና ትባላለች፤ የኒካህ ቀን ተቆርጦ ሰውየው ቀረባት። አማል እሷ እንዳይከፋት ፈርታ የእኔን ነገር ለቤቷ እንኳ አልተናገረችም። የሉብናን ስም እንዳያነሱ፣ አደራ።»

አታንሳ የተባለ ነገር ከሁሉ ጠልቆ ይቀመጣል። አብዱናሲር ሞጆን አልፎ መቂ እስኪደርስ ያብሰለሰለው የሉብናን ነገር ነበር። ቀን አስቆርጦ የሚጠፋ ወንድ! እንዲህ ያለውን ችሎት ላይ ባገኘው ምን ምን እንደሚለው እያሰበ፣ በልቡ ሙሉ ክርክር ተከራከረ። አብረውት የሄዱት የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ ኑዕማን በሩ ላይ ሲደርሱ «እስቲ ያቺን ስልክ አንዴ ተመልከት» ቢሉት፣ «እርስዎም?» ብሎ ኪሱን መታ መታ አድርጎ ገባ።

የቤቱ አባወራ፣ ሽንኩርት ጭነው ወደ አዲስ አበባ የሚልኩት ሐጂ ኢስሃቅ፣ «ተቀመጡ» አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ አብዱናሲር እንደ ወጉ። ስለ ጋብቻ ተናገረ፣ ስለ ጉርብትና ተናገረ፣ ድምፁን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ አደረገ። በመጨረሻም፣ «አላህ ካለው፣ ልጅዎን ሉብናን ለልጃችን ለካሚል እንዲሰጡን ቆመን እንለምናለን» አለ።

ከመጋረጃው ጀርባ እናትየዋ መሪማ አላስቻላቸውም፤ እልል አሉ። ለስላሳ በትሪ ይዛ የገባችው ሉብና በሩ ደፍ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ አንድ ነገር በራ። አብዱናሲር ይህን ሁሉ አየ። አይቶም የንግግሩ ፍሬ መሰለውና ፈገግ አለ።

ሼህ ኑዕማን ኮቱን ጎተቱት። «አማል! አማል ናት እኮ!»

«ማለቴ...» አለ አብዱናሲር። «ታናሽየዋን... አማልን ለማለት...»

እልልታው እንደ ክር ተበጠሰ። ሉብና ትሪውን አንዲት ጠብታ ሳታፈስ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አባዬ፣ እኔ አልተጠየቅኩም» አለች። «እንግዲህ እምቢ ከማለት ተገላገልኩ።» ሳቀች። አብሯት የሳቀ አልነበረም። ከዚያ ለስላሳውን ማደል ያዘች፤ የመጀመሪያውን ለአብዱናሲር ሰጠችው። እሱም በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ሌላ ማድረግ የሚችለው ነገር ጠፍቶት።

ሐጂ ኢስሃቅ ብዙ አልተናገሩም። «ልጁን አላውቀውም፣ አልጠላሁትምም። አማልን ጠይቀን ቀጠሮ እንሰጣለን። እርስዎ ግን ሁለተኛ ይህን ደጃፍ እንዳይረግጡ።»

በመልሱ መንገድ መኪና ውስጥ አብዱናሲር ስልኩን አውጥቶ ማስታወሻዋን ነካት። «የምትጠየቀው፦ አማል» ይላል፤ ከሁሉ በላይ፣ በጉልህ። ማንበቡ ምራቅ ለመዋጥ ከሚፈጀው ጊዜ በላይ አይወስድም። ለዚህ ነው ሰው ያዋረደው። ረስቶ ቢሆን ሰው ይምረው ነበር፤ የሱ ግን መርሳት አልነበረም፣ ትዕቢት ነበር። አዳማ ሲደርስ ለካሚል ነገረው። ካሚል ቢሳደብ ይሻለው ነበር፤ «ይሁን ጋሼ» ብቻ አለው።

በቀጠሮው ቀን ሼህ ኑዕማን ሌላ ሽማግሌ ጨምረው ገቡ። አብዱናሲር ከግቢው ውጭ መኪናው ውስጥ ቀረ። እየቆየ ሲሄድ በሩ ተከፈተና ሉብና ለስላሳ ይዛ ወጣች።

«አባዬ ግባ አትበሉት አሉ እንጂ አታጠጡት አላሉም» አለችው።

ከመኪናው ወረደ። መነጽሩን አደረገ፣ ስልኩን አወጣ።

«ንግግር ሊያደርጉልኝ ነው?»

«አይደለም። ላነብልሽ ነው።»

«ምነው፣ ስሜን ባለፈው በቃልዎ ጥሩ አድርገው ይዘውት አልነበር?»

ጆሮው ድረስ ቀላ። «አፌን አላምነውም» አለ። ይህን ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደጻፈና እንዳጠፋ እሱ ያውቃል፤ ባማረ ቁጥር እየቀፈፈው ሲያሳጥረው የከረመ ነው። አነበበ፦ «ሉብና፣ ጥፋቴ ስም መሳት ብቻ አይደለም። እውነቱ ተጽፎ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ንቄ አልከፈትኩትም። እናትሽ እልል ሲሉም ለንግግሬ መስሎኝ ፈገግ ብያለሁ። አፉ በይኝ።»

በወሎ አባቶቹ አነጋገር ነው ይቅርታ የጠየቃት። ሉብና ሌላ ይኖር እንደሆነ ጠበቀች።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«አፉ ለማለት ገና ነኝ» አለች። «ለአማል ግን እሺ ተብሏል። ለካሚል ሲነግሩት እንዳይሳሳቱ ይጻፉት።»

አብዱናሲር ለስላሳውን የመኪናው አፍንጫ ላይ አስቀመጠና በአንድ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል፣ «አማል። እሺ ተብሏል» ብሎ ጻፈ። «ልክ ነኝ?» ብሎ ስልኩን ሊያሳያት ቀና ሲል፣ ሉብና ገብታ በሩን ዘግታለች።