ሌባ ጣት

የሱቄ መስታወት እጄን የቆረጠኝ ጊዜ ደሙ አላስፈራኝም። የፈራሁት ከተሰፋልኝ በኋላ ነው። አውራ ጣቴና ሁለቱ ተከታዮቹ የተውሶ ጣት ሆኑብኝ። ሠላሳ ዓመት በመርፌ ያደርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሐርን ከጥጥ ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ እያልኩ ስጎርር ኖሬ፣ አሁን መርፌ ከእጄ መውደቁን የማውቀው ወለሉ ላይ ሲንቃጨል ነው።

"ነርቩ የእጅ አንጓዎ ላይ ተበጥሷል" አለኝ ሐኪሙ። "ገጥሜዋለሁ፤ ግን ከስፌቱ እስከ ጣትዎ ጫፍ ያለው የነርቭ ክር ሞቷል። አዲሱ በአሮጌው ቱቦ ውስጥ እየሄደ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ያድጋል። መታ መታ ሲያደርጉት የሚነዝርዎ ቦታ፣ እዚያ ደርሷል ማለት ነው።"

"ሁሉም ይመለሳል?"

"እናያለን።"

እናያለን የሚል ሐኪም አልወድም።

ቤት እንደገባሁ ሜትሬን አውጥቼ ከስፌቱ እስከ ጣቴ ጫፍ ለካሁ፤ አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር። መቶ ሰማንያ ቀን አልኩ፣ ጨርቅ የምቆርጥ ይመስል። በየሳምንቱ የነዘረኝን ቦታ እንደ ልማዴ በሳሙና ስባሪ ላሰምር ብል ላብ አጠፋብኝና በእስክሪብቶ ያዝኩት። ምልክቱ ያልተንቀሳቀሰ ሳምንት እህል አይወርድልኝም። ባለቤቴ ቁልፍ እየተከለች "አንተ ሰውዬ፣ ስትጎረጉረው እኮ ነው የምታስደነግጠው" ትለኛለች።

በሰባተኛው ወር ጣቶቼ ጫፍ ላይ ነዘረኝ። ሮጬ ሄድኩ። ሐኪሙ ዓይኔን አስጨፍኖ ነካኝ።

"የትኛው ነው?"

"ሌባ ጣቴ።"

"የነካሁት የመሃሉን ነው።"

አንዳንዱ ክር መንገድ ስቶ የጎረቤቱን ቱቦ ይዟል አለኝ። "አእምሮ ግን ይለምዳል፤ በየቀኑ ሰው አሥር ጊዜ ይንካዎት፣ ዓይንዎን ጨፍነው ይመልሱ፤ አሥሩንም እስኪያገኙ የስፌት መኪና ላይ እንዳይቀመጡ።"

ባለቤቴ ስትሰማ ሳቀች። "ሌባ ጣት ስሙን አስመሰከረ፤ የመሃሉን ሰረቀው!" ሳቋ ለእኔ ተብሎ የተሳቀ እንደሆነ ገብቶኛል።

ጠዋት ጠዋት እጄን ጭኗ ላይ አድርጋ ትነካኛለች። ከአሥር አራት አገኘሁ። ሌላ ቀን አምስት። ከዚያ ሦስት። ሌላ ሙያ የለኝም፤ በዚህ ዕድሜዬ ማን ያስተምረኛል? ፍርሃቱ ሲብስብኝ አንድ ቀን የዓይኔን ቆብ በትንሹ ከፈት አደረግኩ። ከአሥር ስምንት። በማግስቱ አሥር።

በደስታ ጮኸች። ከአደጋው ወዲህ ከስፌት መኪናው አውልቃ የደበቀችውን መርፌ አምጥታ ቦታው መለሰች፣ ክር አስገባች፣ ወንበሬን ሳበች።

"ና ተቀመጥ!"

ተቀመጥኩ። እግሬ ፔዳሉ ላይ ነው። ጣቶቼ ከመርፌው ሥር ጨርቁን ይዘዋል፤ መያዛቸውን ያወቅኩት ግን ስላየሁ ብቻ ነው። ፔዳሉን ሳልረግጥ ቀረሁ።

"ምነው?" አለችኝ።

"ሰርቄ ነው ያየሁት" አልኳት። "ሌባው ጣቴ አይደለም፤ ዓይኔ ነው።"

ትቆጣለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን እጄን ከመርፌው ሥር ቀስ አድርጋ አወጣችው። ከኋላዬ ቆማ በአንድ መዳፏ ሁለቱንም ዓይኖቼን ጥብቅ አድርጋ ሸፈነችኝ።

"በል፣ እንደገና ከአንድ" አለች።

ጣቶቼ ላይ የሚመጣውን ጠበቅኩ። የተሰማኝ ግን ፊቴ ላይ ያለው መዳፏ ሲንቀጠቀጥ ነው። ለካ እሷም ይህን ሁሉ ወር ፈርታ ኖሯል።