ሁለተኛው ዝናብ

«እሱማ ዝናብ አይባልም» አለ ላይል። «ካፊያ ነው። አቧራ እንኳ አላጠፋም።»

«የመንገዱ ዳር ቦይ ሞልቶ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ ኬንት።

«በየትኛው ዓይንህ?»

ወይዘሮ አርዲስ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በፎይል የተሸፈነ የተምር ኬክ ታቅፈው የጋራዡ በር ላይ ቆመዋል። ከቤት ሲወጡ ኬኩ እጅ ያሞቅ ነበር። አሁን ኬኩን የሚያሞቀው የሳቸው እጅ ነው። ሁለቱ ልጆቻቸው ግን ገና ከማክሰኞ አልወጡም። ማክሰኞ ዕለት የወረደው ዝናብ ነው ወይስ አይደለም? ላይል ታላቁ ነው፤ ስድሳን አልፏል። ኬንትም ብዙ አይርቀውም። ሁለቱም ልጅ ወልደው ልጅ የዳሩ ሰዎች ናቸው። እዚህ ጋራዥ ሲገቡ ግን ኳስ የተነጣጠቁ ሕፃናት ይሆናሉ።

በመካከላቸው ያ የማር ቀለም ያለው ቢዊክ መኪና ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተንጣሎ ተኝቷል። የአርዲስ ባል ዴልበርት የገዙት በሰባዎቹ አጋማሽ፣ በቆሎ ዋጋ ባወጣበት ዓመት ነበር። የዚያን ዘመን መኪኖች ዛሬ በየእርሻው ጓሮ ዝገው ዶሮ ያድርባቸዋል። ይኼ ግን ከሻጩ ግቢ ትናንት የወጣ ይመስላል። የኋላ ወንበሩ ላስቲክ እስከ ዛሬ አልተነሳም። ሊያየው የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ማይል ቆጣሪውን ያያል፤ ቀጥሎ ያፏጫል። ዴልበርት ያቺን ፉጨት ይወዷት ነበር።

በበረዶው ወራት ወረዳው በረዶውን ለማቅለጥ አስፋልቱ ላይ ጨው ይነሰንሳል፤ ጨው ደግሞ ከሥር እየገባ ብረት ይበላል። ስለዚህ በዚያ የአዮዋ ገጠር አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው በረዶው ካለቀ በኋላ ዝናብ መንገዱን እስኪያጥበው ይጠብቃል። ሌላው ሰው አንድ ዝናብ ይበቃዋል። ዴልበርት ሁለት ነው ያሉት። ሁለት ሙሉ ዝናብ፣ ቦይ የሚሞላ። ከዚያ በፊት ቢዊኩ ከጋራዥ ንቅንቅ አይልም። የአርዲስ እህት የቨርላ ባል በመጋቢት ወር ሲሞት ዴልበርትና አርዲስ ቀብር የሄዱት የአሳማ መኖ በሚጫንበት ፒካፕ ነበር። አርዲስ በጥቁር ቀሚሳቸው ላይ የተጣበቀውን ገለባ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው ለቅመዋል።

ዴልበርት ባለፈው መኸር አረፉ። ሕጋቸው ግን አልተቀበረም። ልጆቻቸው ከማሳው ይልቅ እሱን ነው አጥብቀው የወረሱት።

የዛሬው ነገር የቨርላ ነገር ነው። ቨርላ ከወንዙ ወዲያ ባለችው ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ልጃቸው ዛሬ ከምሳ በኋላ መጥታ ለዘለቄታው ወደ አሪዞና ልትወስዳቸው ነው። በእነሱ ዕድሜ ደግሞ አሪዞና ሄዶ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ይህን እህትማማቾቹ ያውቁታል፤ አፍ አውጥተው ግን አልተነጋገሩበትም።

ቢዊኩ በተገዛ ሰሞን ቨርላ አንድ ነገር ለምነው ነበር። ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ እስከ ወንዙ መውረድ። ዴልበርትም በደስታ፣ ሁለተኛው ዝናብ ይዝነብ ብቻ አሉ። ሁለተኛው ዝናብ ሲዘንብ የእርሻ ሥራ ሆነ፤ ሥራው ሲያልቅ በረዶ ጣለ። በዓመቱ እንደገና ለመኑ። ከዚያ ነገሩ ወደ ቀልድ ተለወጠ፤ ቨርላ በየፀደዩ ስልክ ደውለው ከሰላምታ በፊት «ሁለተኛው ዘነበ ወይ?» ይላሉ፣ ሁለቱ እህትማማቾች ይስቃሉ። ትናንትም ደወሉ። «ሁለተኛው አልዘነበም አይደል?» አሉ። በዚህ ጊዜ ግን አልሳቁም። አርዲስም «ነገ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ» አሉ። ይህን ሲሉ የማንንም ፈቃድ አልጠየቁም። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ግን፣ ከልማድ የተነሳ፣ ለልጆቻቸው ነገሯቸው። ስህተታቸው እሱ ነበር።

ላይል ሳይነጋ መጣ። በእኔ ፒካፕ እወስድሻለሁ አላቸው። እሳቸውም ቨርላ ፒካፕ አይታ ታውቃለች አሉት። እሱም አባባ አርባ ዓመት ከጨው የጠበቀውን በአንድ ጠዋት ላበላሸው ወይ ብሎ ድምፁ ተሰበረ፤ እሳቸው ደግሞ ድምፁ ሲሰበር እሺ ሊሉት ምንም አልቀራቸውም ነበር። ኬንት የመጣው ያኔ ነው። ኬንት ከእናቱ ጋር ነኝ ይላል። ነገር ግን ከላይል ይልቅ ያቃጠላቸው እሱ ነው። ማክሰኞ የዘነበው ሁለተኛው ዝናብ ስለሆነ ይኬዳል፣ የሚነዳው ግን እኔ ነኝ አለ። ከመነሳታችን በፊት የጎማውን ነፋስ ልለካ አለ። ለካ። ትንሽ ይበዛል አለ። ላይል አያንስም አይበዛም አለ። በዚህም ላይ ተከራከሩ።

«ኬንት» አሉ ወይዘሮ አርዲስ፣ «መኪናው ይነሳል አይደል?»

«ይነሳልማ እማ። በየቅዳሜው እየመጣሁ የማስነሳው ለምን ሆነና?»

«እንግዲያው አስነሳውና እንሂድ።»

«አንዴ ብቻ ታገሺኝ። ይኼ ሰውዬ ይመንልኝና እንሄዳለን።»

«እኔ የምን ሰውዬ ነኝ? ታላቅህ ነኝ» አለ ላይል። «ድልድዩ ላይ ጨው አለ። ወረዳው ከሁሉ በላይ የሚነሰንሰው ድልድዩ ላይ ነው። ስመጣ ነጭ ሆኖ አይቼዋለሁ።»

«ነጩ አቧራ ነው።»

«አቧራ ጨው ጨው ይላል?»

«ቀምሰኸዋል?»

ላይል መለሰለት፦ «ና እንሂድና እንቅመሰው።»

ወይዘሮ አርዲስ የሰሙትን ማመን አቃታቸው። «መንገድ ልትልሱ ነው?» አሉ።

«አባባ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው» አለ ላይል። እውነቱን ነው። ዴልበርት በየፀደዩ ድልድዩ ላይ ይንበረከኩና ጣታቸውን አስፋልቱ ላይ አሽተው ይቀምሱ ነበር፤ አርዲስ ከኩሽና መስኮት እያዩ ጎረቤት ባያልፍ ብለው ይጸልዩ ነበር። ልጆቹ ኮሌታቸውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው፣ ጎን ለጎን፣ አንዱ ሌላውን በክርኑ እየጎሸመ በግቢው መንገድ ወረዱ። ኬንት ዞር ብሎ «አሁን መጣን እማ፣ አንቺ ግቢና ሙቂ» አለ።

አልገቡም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። ረፋዱ እያለቀ ነው። የቨርላ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ከተቀጠረችበት ሰዓት ቀድማ የምትደርስ ሴት ናት።

በጋራዡ ውስጥ፣ ከጣሪያው በክር የተንጠለጠለች አንዲት የቴኒስ ኳስ አለች። የፊት መስታወቱን ስትነካ መኪናው ልኩ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ዴልበርት ግን በኳሷ ብቻ አያምኑም ነበር። አርዲስ ከፊት ቆመው በእጃቸው ና፣ ና፣ ትንሽ፣ በቃ ይሉላቸው ነበር። ሲወጣም እንዲሁ፣ በዝናብም ሆነ በሙቀት፣ ከኋላ ቆመው ያስወጡ ነበር። የዚያን መኪና ርዝመትና ወርድ እንደ ገዛ አልጋቸው ያውቁታል። ለራሳቸው ገበያና ቤተ ክርስቲያን የሚመላለሱባት ትንሽ መኪና አለቻቸው፤ ነድተው አይደክሙም። የቢዊኩን መሪ ግን አንድ ቀን እንኳ ይዘው አያውቁም። አልተከለከሉም። አልተጠየቁም እንጂ።

ቁልፉ ከበሩ አጠገብ ምስማር ላይ ነው። ኬኩን የፊት ወንበሩ ላይ አኖሩት፤ ከዚያ ቨርላ የሚቀመጡበት እዚያ መሆኑ ትዝ አላቸውና አንስተው ወደ ኋላ፣ ላስቲኩ ላይ አስቀመጡት። ወንበሩ በዴልበርት ቁመት ልክ ስለሆነ እግራቸው ፍሬኑ ዘንድ አልደረሰም። ከሥር ያለውን ብረት ስበው ወደ ፊት ሲገፉት ያ ሁሉ ሶፋ የሚያህል ወንበር እየተንቀራፈፈ አብሯቸው መጣ። ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ ድምፁ ከማቀዝቀዣ ድምፅ አይበልጥም። ጋራዡ የአሮጌ ጎማና የዴልበርት ትምባሆ ይሸታልና መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

ከኋላ ቆሞ ና የሚል ሰው አልነበረም። ስፖኪዮውን አዩ፤ ከልማድም የተነሳ ለራሳቸው ቀስ ብለው «ና፣ ና» አሉ። ኳሷ ከመስታወቱ ተላቅቃ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች። የኮፈኑ ጫፍ ከበሩ ሲወጣ ብርሃኑ ላዩ ላይ ፈሰሰበት። የግቢውን መንገድ ወርደው አስፋልቱ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ፤ ግራና ቀኝ አዩ፤ ወደ ድልድዩ ታጠፉ። ከጎማው ሥር አንድ ነገር ሲንኳኳ ተሰማቸው። ጠጠር ይሆናል። ጨውም ከሆነ ይሁን።

ሁለቱ ወንድማማቾች ድልድዩ ላይ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ተንበርክከዋል። ላይል ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ወደ ሰማይ እያየ ያጣጥማል። በዚያ አካባቢ የሚያልፍ መኪና ሁሉ ሰላም ይባላል፤ ማን ነው ተብሎ አይታይም፣ እጅ ብቻ ብድግ ይላል። መኪና ሲመጣ ሲሰሙ ሁለቱም ሳይዞሩ ወደ ዳር ጠጋ አሉ። ኬንት እንደተንበረከከ እጁን ብድግ አደረገ።

ወይዘሮ አርዲስ አንድ ጣታቸውን ከመሪው ላይ አነሱለት።

«ይኸው፣ ቅመሰው» ሲል ላይልን በመስኮቱ ሰሙት። ከዚያ ድልድዩ አለቀ።