በጎን የተገጠመው ኮርቻ

ባሌ ቲጃኒ አጭርነቱን የሚረሳው ሞተር ሳይክል ሲያይ ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ በደንብ ያስታውሳል፤ ከመደርደሪያ ላይ ስኳር ሲፈልግ እኔን ይጠራል፣ ስብሰባ ላይም ከፊት ይቀመጣል። ሞተር ፊት ሲቆም ግን ራሱን ዘንካታ ያደርጋል። እናም አንድ አስተማሪ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ሞተሩን ሊሸጥ ነው ሲባል ሰምቶ፣ እየሮጠ መጥቶ "ለጢፋ፣ ዋላሂ አገኘሁ!" አለኝ።

ሄድኩና አየሁት። ቀጭን፣ ረጅም፣ የሚያብረቀርቅ የጃፓን ሞተር ነው።

"ውጣበት እስቲ" አልኩት።

ወጣበት። እግሮቹ አየር ላይ ቀሩ። አስተማሪው በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላው ጎን ደግፈን ይዘነዋል፤ እሱ እላይ ሆኖ "በጣም ይመቻል!" ይላል።

"አዎ" አልኩት፣ "እኔና ጋሼ እንዲህ ግራና ቀኝ ይዘንህ እስከ አጋሮ ከሮጥን ይመቻል።"

ሞተሩን የፈለግነው ለአጋሮ ነው። እናቴ ዘይቡ እዚያ ትኖራለች። አንድ ዓይኗ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ሁለተኛውም እየደበዘዘ ስለነበር "ፊትሽን ሳልጠግብ እንዳይጨልምብኝ" ትላለች። እኔ ደግሞ ከቡና ጭነት መኪና ላይ ወድቄ ዳሌዬ ተሰብሮ፣ ወጌሻው እንደ ፈቀደ የገጠመኝ ሴት ነኝ። አውቶቡስ ላይ ለሦስት በተሠራ አግዳሚ ለአምስት ተጣብቄ ከሄድኩ፣ ስመለስ ከአልጋ አልነሳም። ያውም የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ ከተገኘ ነው፤ "እናቴን ላይ" የሚል ምክንያት ደግሞ ለጸሐፊው አብዮታዊ ሆኖ አልታየውም።

ትክክለኛውን ሞተር ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ እዚሁ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ። የጣውላ መሰንጠቂያው የተወረሰበት ጣሊያናዊ ሲሄድ ለዘበኛው ትቶለት፣ ዘበኛው ደግሞ ለዶሮዎቹ ትቶላቸው ነበር። ትልቅ፣ ከባድ፣ ዝቅ ብሎ የተንጣለለ ሞተር ነው። ቲጃኒ አፍንጫውን ነፋ። ዶሮዋን አስነስቼ አስቀመጥኩት። ሁለቱም እግሮቹ ከነተረከዛቸው መሬት ረገጡ፣ ጉልበቱ በልክ ታጠፈ፣ ወገቡ ቀጥ አለ። ያልደረሰው እጁ ብቻ ነው፤ መሪውን ለመያዝ በሆዱ መተኛት ነበረበት።

"ይኼ በብየዳ ይድናል" አልኩት። ቲጃኒ የብረት አልጋ ይበይዳል፣ እኔ የጥጥ ፍራሽ እሰፋለሁ። ግማሹ የሰፈራችን፣ የጊንጆ ሰው በእኛ ላይ ነው የሚተኛው። አንድ ሞተር ያቅተናል?

አላቃተንም። ሞተሩን ግድግዳ አስደግፌ ቲጃኒን አስቀመጥኩበትና በሜትር ለካሁት፤ ልክ ሱፍ እንደሚያሰፋ ሰው ደረቱን ነፍቶ "ጠበብ አታድርጊው" ይለኛል። መሪውን ቆርጦ በአልጋ ቧንቧ አስረዝሞ ወደ ደረቱ አመጣው። መርገጫዎቹን ወደፊት ገፋቸው። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ዳሌዬ ሞተር አንፈራጦ ለመቀመጥ እሺ ስለማይል፣ ቲጃኒ ሲኒማ ቤቱ ከጣላቸው ወንበሮች አንዱን ከነመደገፊያው ወደ ጎን አዙሮ ከኋላ ገጠመልኝ። ለእግሬ ጣውላ፣ ለክንዴ መደገፊያ ሠራ። ጥጡን ራሴ ነኝ የጠቀጠቅኩት፤ በተሰበረው በኩል ሰርጎድ፣ በደህናው በኩል ሞላ አድርጌ። መጀመሪያ የተቀመጥኩበት ቀን አጋሮ ደርሼ ያለ ማንም እርዳታ ወረድኩ። ከዚያ ቀን በፊት ባሌን እወደው ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ደስ ብሎኝ ወደድኩት።

ደስታችን ጓድ ፈለቀ እስኪያየን ቆየ። ጓድ ፈለቀ ለጅማ አዲስ የመጣ የፖለቲካ ካድሬ ነው፤ ዘለግ ያለ፣ ስለ ራስ ምቾት ሲናገር አረፋ የሚደፍቅ። "ምቾት የቡርዧ በሽታ ነው!" እያለ ሁለት ሰዓት ያስቆመን ነበር፤ እሱ ተቀምጦ። ላንድሮቨሩ ከወንድም ሶሻሊስት አገር ይመጣል የተባለ ዕቃ እየጠበቀ ሣር በቅሎበታል። አንድ ቀን ገበያው አጠገብ እጁን ዘርግቶ አስቆመን።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ሞተር ነው፣ ጓድ" አለ ቲጃኒ።

"ከኋላ ያለው?"

"ሚስቴ ናት።"

"ወንበሩን ነው የምልህ!"

በማግስቱ ሞተሩ "ለአብዮታዊ ግዳጅ በጊዜያዊነት" ተፈለገ። መንግሥት ራሱ በስሙ ጊዜያዊ ስለነበር፣ ቃሉ ምን ያህል እንደሚረዝም እናውቃለን። ጓድ ፈለቀ መጀመሪያ ራሱ ሊነዳው ሞከረ። መሪው ለቲጃኒ ደረት የተቆረጠ ነውና ጉልበቱ ከሥሩ ገብቶ ተቀረቀረ፤ ወደ ግራ ሊያጥፍ ሲል ጉልበቱ ወደ ቀኝ መለሰበትና ቦይ ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ በአክብሮት ወደ ሰማይ አየ። ከቦዩ ሲወጣ ውሳኔው ተሻሻለ፤ ሾፌሩም ከሞተሩ ጋር ተፈለገ። እንግዲህ የእኔ ቤት በአንድ ቀን ሞተርም ባልም ተወረሰበት።

ጓድ ፈለቀ የእኔ ወንበር ላይ ወደ ጎን ተቀመጠ። ያሳፍረዋል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ወደደው። በጎን መቀመጡ ፊቱን ለሰፊው ሕዝብ ስለሚያዞርለት፣ እንደ ሙሽራ እጁን እያወዛወዘ ከተማውን ይዞር ጀመር። ጀርባው የደረሳቸው፣ በሌላው የመንገድ ዳር ያሉት፣ ለጊዜው ከአብዮቱ ውጭ ነበሩ።

ቲጃኒን ጠየቅኩት። "ዝም ትላለህ?"

"እና ምን ልበል?"

"የለጢፋ ነው በል! እናቷን የምታይበት ነው በል!"

"እሺ ጓድ ነው የሚባለው" አለና ራቱን በላ። ያን ሌሊት ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ፤ ከዚያም በኋላ ሳምንታት እንደዚያው። ብረት የሚያቀልጥ ሰው እንዲህ ለስልሶ ሳይ ያንገበግበኝ ነበር።

የቡና መኪና ሾፌር የሆነው ነጋሳ ከአጋሮ መልእክት አመጣ። "እናትሽ አዳ ዘይቡ ሰላም ብላሻለች። አሁን በጠራራ ፀሐይ ካልሆነ ሰው አትለይም። ለጢፋ ምነው ቀረች፣ መጥታ ሳላያት ነው ወይ የምትቀረው ብላለች።" ሞተሩ በደጄ ያልፋል፣ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ እጁን ያወዛውዝልኛል።

አላህ ሲረዳ ዝናብ ላከ። ወንበሩ ራሰና ጓድ ፈለቀ እንድጠግነው ላከልኝ። "ለሥራ ቅልጥፍና ትንሽ ለስለስ ይበል" ብሏል፤ ምቾት የሚለው ቃል በሽታ ስለሆነ።

"በደስታ፣ ጓድ" አልኩ።

ጥቂት ጥጥ አወጣሁና በምትኩ የቡና ገለባ ከተትኩ። ሳምንት ሳይቆይ ተመለሰ፤ "ትንሽ ይሻክራል።" "ይስተካከላል ጓድ፣ ጥጡ እስኪላመድ ነው።" ሌላ ጥጥ አወጣሁ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ጨመርኩ። በሦስተኛው ጊዜ ቡና ለቃሚዎቹ ሴቶች ከቡናው ለይተው የሚጥሉትን ጠጠር ከተትኩ። ቡናውንማ አልነካሁም፤ ያለ ፈቃድ ቡና ማዘዋወር ኮንትሮባንድ ነው፣ እኔ ደግሞ ሕግ አክባሪ ነኝ። ላዩን ስስ ጥጥ አልብሼ፣ ለዓይን ከድሮው ይበልጥ እንዲያምር አድርጌ ሰፋሁት።

ለቲጃኒ አንድ ቃል አልነገርኩትም። ግድግዳው ጆሮ ያለው ዘመን ነበር፤ ከጎናችን የአብዮት ጥበቃ ይኖራል። ደግሞስ እሺ ጓድ ለሚል ሰው ምን ይነገራል?

ጓድ ፈለቀ ደጄ ላይ ከሞተሩ ሲወርድ ቲጃኒን ሲቆጣ ሰማሁት። "ጉድጓዱን አታይም እንዴ አንተ?"

"መንገዱ ነው፣ ጓድ።"

የባሌ ጭራሽ ዓይኑም ደከመ ብዬ በልቤ ተሳለቅሁ።

ከዚያ የሆነውን ጅማ ሁሉ ያውቀዋል። ጓድ ፈለቀ ስብሰባ ላይ መቀመጥ ተወ። ወንበር ሲቀርብለት "ታጋይ አይቀመጥም!" ብሎ ጠረጴዛውን በቡጢ ይመታል። የቀበሌው ሊቀ መንበር አየና፣ አዲስ መመሪያ መጥቷል ብሎ ተነሣ። የሴቶች ማኅበር ተነሣ፣ የወጣቶች ማኅበር ተነሣ። በሰበካ ጉባኤ የሚያንቀላፉ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ በሁለት ሰው ተደግፈው ቆሙ። አንድ ወር ሙሉ ከተማው ቆሞ ተሰበሰበ። ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ መጠየቅ መቀመጥን ከመውደድ ይቆጠራል። ወሬው በነጋሳ መኪና አጋሮ ደርሶ፣ እዚያም ለማንኛውም ብለው መቆም ጀመሩ።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጓድ ፈለቀ ቆሞ ንግግር አደረገ። ሞተሩ የኢምፔሪያሊስት ስሪት በመሆኑ ከሠራተኛው መደብ አካል ጋር ሊጣጣም እንዳልቻለ በጥናት ተደርሶበታል፤ ስለዚህ ለሰፊው ሕዝብ ይመለሳል። ሰፊው ሕዝብ ቲጃኒ ነበር። አጨበጨብን። እኔ እስኪያመኝ አጨበጨብኩ።

"አሁኑኑ አጋሮ" አልኩት ሞተሩ በር ላይ እንደ ቆመ።

"ወንበሩን አታስተካክይም?"

"ያወጣሁት ጥጥ የሰው ፍራሽ ውስጥ ገብቷል። ሌላ እስካገኝ የእማ ዓይን አይጠብቀኝም። ንዳ!"

ተቀመጥኩ። ያ ረቢ! ጠጠሩም፣ ቆረቆንዳውም፣ ሁሉም በየስሙ ተዋወቀኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለጓድ ፈለቀ ጽናት አድናቆት አደረብኝ። ጥርሴን ነክሼ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ጠበቅሁ። ቲጃኒ አለፈው። ሁለተኛውንም በጠርዙ ሾልኮ አለፈው። ከጅማ ከወጣን ጀምሮ ያ የተቦዳደሰ መንገድ አንዴም አላነጠረኝም።

"ዓይንህ ዳነ?" አልኩት ከኋላ።

"ዓይኔ ምን ሆኖ?"

"ጓድ ፈለቀን ጉድጓድ ውስጥ ስትከት አልነበር?"

ቲጃኒ ፊቱን ሳያዞር ሳቀ። "ለጢፋ፣ የከተማውንም የዚህንም መንገድ ጉድጓድ አንድም ሳይቀር አውቀዋለሁ። ጓድ ፈለቀን ይዤ በሄድኩ ቁጥር አንዱን አላለፍኩትም። እንዳያልፈኝ የምዞርለትም ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ቢጠይቁሽ አላውቅም ብለሽ እንድትምይ። አንቺስ? ጠጠሩን ለምን አልነገርሽኝም?"

ያውቃል! ያን ሁሉ ሳምንት ያውቅ ነበር። ለካ ጀርባዬን ሰጥቼው ከተኛሁት ሰው ጋር፣ እሱ በብረቱ፣ እኔ በጥጡ፣ እንደ ድሮው አንድ አልጋ እየሠራን ነበር። እጄን ሰድጄ ወገቡን ያዝኩት።

አጋሮ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልዘቀዘቀችም። እማ ደጃፏ ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ቀና አለች።

"ኮቱ፣ ኢንተለ ኮ! ነይ፣ ልጄ!" ሳመችኝ፣ ሳመችኝ፣ ከዚያ መደቡን በእጇ መታ መታ አደረገች። "ታኢ፣ ተቀመጪ እንጂ።"

መደቡን አየሁት። ድንጋይ ነው።

"ቆሜ ይሻለኛል፣ እማ።"

እማ ባላት አንድ ዓይን ከእግሬ ጀምራ ቀስ ብላ እስከ ፊቴ ወጣች፤ ፊቴ ላይ ስትደርስ ቆየች።

"ምነው ልጄ" አለችኝ፣ "አንቺም ካድሬ ሆንሽ?"

ታያለች። ዓይኗ ያያል። እዚያው እንደ ቆምኩ ሳቄና ልቅሶዬ ተቀላቀለብኝ፤ እስኪመሽ ድረስም አልተቀመጥኩም።