ሊብሬው የላቀው፣ መኪናው የፀጋው

የዳባቱ እህል ነጋዴ ላቀው አሮጌ ፒክአፑን ለደባርቁ ፀጋው የሸጠው በግዝት ነው። ስም ለማዛወር ጎንደር መመላለስ አለ፤ «ነገ ተመለስ» መባል አለ። ግዝት ግን እቤት ድረስ ይመጣል። የላቀው ንስሐ አባት አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው «ይህን ሽያጭ የካደ ውግዝ ይሁን» አሉ፤ ሁለቱም አሜን አሉ፤ በግ ታረደ። ሊብሬው በላቀው ስም እንደሆነ ቀረ። በሰማይ በተመዘገበ ነገር ላይ መንገድ ትራንስፖርት ምን ይጨምራል?

የሚጨምረው ኮሶዬ ጠመዝማዛው ላይ ታወቀ። የፀጋው ሹፌር በጉም ውስጥ ሲከንፍ ያርጋል የሚባል ገበሬ ከነአህያው ገጨ። አህያዋ ተነሣች፤ ያርጋል አልተነሣም። ሹፌሩ ወደ ቆላ ወርዶ ጠፋ። ፀጋው ፖሊስ ሲጠይቀው ዓይኑን በጨው ታጥቦ የመኪናው ባለቤት ላቀው ነው አለ፤ ሊብሬውንም አሳየ።

ላቀው ችሎት ቆሞ ስለ ግዝቱ አስረዳ። ዳኛዋ በትዕግሥት ሰምተው፣ ውግዘት ቤተ ክርስቲያን እንጂ ፍርድ ቤት እንደማያስተናግደው፣ ባለንብረት የሚባለውም ሊብሬው ላይ ስሙ ያለ ሰው እንደሆነ ነገሩት። የካሳው ክርክር ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

የሟች ወንድም ገዱ ግን ቀጠሮ አይወድም። የወንድሙ ደም በማን ላይ እንዳለ ችሎት ተቀምጦ በገዛ ጆሮው ከሰማ በኋላ ለእሱ ነገሩ ያለቀ ነው። መጀመሪያ የላቀው በሬ ቋንጃው ተቆርጦ ደጅ ላይ ወድቆ ተገኘ። ቀጥሎ ላቀው ራሱ እህል ተራ መሀል በዱላ ተነረተ፤ የፊት ጥርሱ ጤፉ ላይ ረገፈ። መኪናውን እንደሸጠው ሊያስረዳ ቢሞክርም፣ ያለ ጥርስ የሚነገር ክርክር ብዙም አይሰማም። ገዱ ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ «የቀረህን በክላሽ ነው» አለው።

ላቀው ደባርቅ ወጥቶ ስሙን እንዲያዞርለት የፀጋውን ጉልበት ሳመ።

«አንተ ሰውዬ፣ ስሙ ሲዞር ደሙም አብሮ ይዞራል እኮ» አለ ፀጋው እየሳቀ። «እኔ መኪና እንጂ ደም አልገዛሁም።»

ላቀው አነቀው። የፀጋው ወንድሞች ጎድኑን ሰብረው በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ላኩት፤ የባጃጁንም ሂሳብ ራሱ ከፈለ።

ሚስቱ ሐመልማል ጎድኑን በመቀነቷ ጥፍንግ አድርጋ እያሰረች፣ ፀጋው መኪናውን ይወደው እንደሆነ ጠየቀችው። ከሚስቱ አብልጦ፣ አላት።

«እንግዲያ አቃጥለው» አለች። «ሕጉ ያንተ ነው ብሎሃል። የሚወደው ሰው ዝም ማለት አይችልም።»

በደባርቅ የቅዳሜ ገበያ፣ ሕዝብ እያየ፣ ላቀው ፒክአፑ ላይ አንድ ጀሪካን ቤንዚን አርከፍክፎ ክብሪት ጫረ። ፀጋው እየጮኸ ነበልባሉ ውስጥ ገባ፤ በሩን ለመክፈት ሲታገል የእጁ ቆዳ እንደ ጓንት ወለቀ። መሪው ሲቀልጥ አለቀሰ። የፀጋው ሚስት ከዚያ በፊት ሲያለቅስ አይታው አታውቅም።

ፀጋው ላቀውን ከሰሰ፤ ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። ዳባት፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ተቀመጡ። የደሙ ጉዳይም አብሮ ስለሚታይ ገዱ ተጠርቶ መጣ። ጠመንጃ ሁሉ በር ላይ ተሰበሰበ። ዱላ አልተሰበሰበም፤ በእኛ አገር ዱላ ልብስ ነው።

ሽማግሌዎቹ ላቀውን የሰው ንብረት ለምን እንዳቃጠለ ጠየቁት። የራሱን መኪና እንዳቃጠለ በጎደለ አፉ መለሰ፤ ፍርድ ቤቱን ምስክር ጠራ።

ፀጋው በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቹን አንሥቶ ብድግ አለ። «የኔ ነው። ከተገዘትንባት ቀን ጀምሮ የኔ ነው። አባ እዚህ አሉ፣ ይመስክሩ።»

«የሱ ነው» አሉ አባ ወልደ ሩፋኤል። ካህን አይዋሽም።

ገዱ መጀመሪያ ላቀውን አየው፤ ያለ ፍርድ የሰበረውን አፍ። ከዚያ ፀጋውን አየው። የመጀመሪያው ዱላ መንጋጋውን አጠፈው፤ ሁለተኛው ጭንቅላቱ ላይ እንደ ደረቅ ቅል ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ገዱን ሲያንቁት ፀጋው በግንባሩ ተደፍቶ ነበር፤ እግሩ ፍሬን እንደሚፈልግ ሰው ይረግጥ ነበር፤ ኋላ ተወ።

ላቀው ከተቀመጠበት አልተነሣም። ጎድኑን ይዞ ወደ ንስሐ አባቱ ዞረ።

«አባቴ፣ ግዝቱ እንግዲህ ተፈታ ማለት ነው?»

አባ ነጠላቸውን የፀጋው ፊት ላይ እያለበሱ፣ «ኧረ ልጄ» አሉት፣ «ገና አሁን ያዘ።»