የኦቦ ነገራ ብዕር ምላስ

እኔ ጫንያለው አሻግሬ፣ በአርባ አንድ ዓመቴ ማንም ሳይሾመኝ የብዕር ሐኪም ሆኜ ነበር። ሙያዬ አማርኛ ማስተማር ነው። ተወልጄ ያደግኩት ኪራሙ፣ ከወሎ መጥተው ከሰፈሩ ገበሬዎች ቤት ነው፤ ነቀምቴ ከገባሁ አስራ ስድስት ዓመት አልፎኛል። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይባላል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ጉራው ገና ይመጣል።

ትምህርት ቤታችን ሰርተፍኬት ላይ ስም የሚያስጽፈው እኔን ስለሆነ፣ ቀለም የምትሞላ አንዲት የቻይና ብዕር ገዛሁ። መስመሯ እንደ ፀጉር ቀጠነብኝ። ምን ይሻላል ብዬ ስልኬን ስጎረጉር ቴሌግራም ላይ የብዕር ወዳጆች ቡድን አገኘሁ። ለካስ የብዕር ጫፍ ይነቀላል! እንደ ጥርስ ይዘው ሲስቡት ይወጣል፣ በቦታው ሌላ ወፍራም ጫፍ ይገባል። ሳብኩት፤ ወጣ። ከጫፉ ሥር ተለጥፋ አንዲት ጥቁር ዘንግ አብራ ወጣች። ጀርባዋ ላይ ቀጭን ቦይ አላት፤ ቀለሙን ከብዕሩ ሆድ ወደ ጫፉ የምታወርደው እሷ ናት። ስሟን ስለማላውቅ “ምላስ” አልኳት።

በሁለት ወር ውስጥ አስራ አንድ ብዕር ነበረኝ፤ አንዱም በራሱ ጫፍ አይጽፍም። የአንዱን ጫፍ ለሌላው፣ የሌላውን ምላስ ለሦስተኛው አዛውሬ አዛውሬ የማን የማን እንደሆነ እኔም ጠፍቶኝ ነበር። ጠረጴዛ የሚጋራኝ የኬሚስትሪው መምህር ኢቢሳ “ዶክተር” እያለ ይጠራኝ ጀመር። የማልወድ መሰልኩ። ወድጄዋለሁ። ወሬው ሲዛመት መምህራን ብዕራቸውን ያመጡልኝ ጀመር። ከመጡልኝ አስር ታማሚዎች ሰባቱ ተሽሏቸው ሄደዋል። የሦስቱ ባለቤቶች ግን አያነጋግሩኝም።

ባለፈው ሰኔ፣ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ሳይደርቅ፣ አንድ ሽማግሌ መምህራን ክፍል ድረስ መጡ። ኦቦ ነገራ ይባላሉ፤ ጡረታ ከወጡ ሃያ ዓመት ያለፋቸው መምህር ናቸው። ከኢቢሳ ጀምሮ የክፍሉ ግማሽ ተማሪያቸው ስለነበር ሁሉም ብድግ አለ።

“አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ” አሉኝ፤ እንዴት ነህ ልጄ ማለታቸው ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከኮታቸው ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለች አሮጌ ብዕር አወጡ። ጫፏ ወርቅ ነው።

“የጀርመን ናት” አሉ። “ሳስተምር ዘመኔን ሁሉ የጻፍኩባት ናት። ሰሞኑን አልፎ አልፎ ትዘጋብኛለች። በሚቀጥለው እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን የሃይማኖት ትምህርት የጨረሱ ልጆች መጽሐፍ ቅዱስ ይሰጣቸዋል። ስማቸውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ዘንድሮ አርባ ሦስት ናቸው።”

ሌላ ሰው ቢሆን “ተቀብያለሁ፣ ሐሙስ ይምጡ” ይላል። እኔ ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ጫፉንና ምላሱን እዚያው ነቀልኩ። ምላሷን በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳኋት።

“ኦቦ ነገራ፣ ይህች ምን እንደሆነች ያውቃሉ?”

“አንተ ንገረኝ።”

“ከጠንካራ ጥቁር ጎማ የተሠራች ናት። እንዲህ ያለ ሥራ ዛሬ የለም። ቦዩ እዚህ ጋ ትንሽ ጠመም ብሎ ያዩታል? ስህተት እንዳይመስልዎ። ቀለሙ እንዳይቸኩል ጀርመኖቹ ሆን ብለው ያጣመሙት ነው።”

“ሆን ብለው?”

“በሂሳብ!”

ኦቦ ነገራ መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረቡ ጠረጉት። “ጎበዞች ናቸው” አሉ።  ተሰናብተው ሲወጡ ኢቢሳ በክብር ዓይን አየኝ። እኔም ራሴን በክብር ዓይን አየሁት።

ቤቴ ስደርስ የምላሷን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ። “በእጅ የተጠረበ የጀርመን ሥራ፣ ነቀምቴ ላይ ተገኘ” ብዬ ጻፍኩበት። አድናቆቱ እንደ ሰኔ ዝናብ ወረደ።

ከጫፉ ጋር በደንብ ያልተለጠፈ የጎማ ምላስ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሰከንድ ነክሮ ከጫፉ ጋር መጫን ነው፤ ይህን ከቡድኑ ተምሬያለሁ። የኦቦ ነገራ ምላስ ደህና ተለጥፋ ነበር። ቢሆንም ሐኪም ታማሚ መጥቶለት ሳይነካው አይሸኝም። ከፔርሙዙ የፈላ ውሃ በብርጭቆ ቀድቼ ጨመርኳት። በዚህ መሀል አንዱ የቡድኑ አባል “ስንት ዓመተ ምሕረት የተሠራች ትመስልሃለች?” ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ጀርመን ፋብሪካዎች ታሪክ ረዘም ያለ መልስ ጻፍኩለት። ስለ ጀርመን ፋብሪካዎች ታሪክ የማውቀው አንድም ነገር የለም።

ወደ ብርጭቆው ስመለስ ቤቱ የተለበለበ የበግ እግር ይሸታል። የአከራዬ የአዴ ወርቂቱ ወጥ ቤት ነው ብዬ አለፍኩት። ምላሷን ሳወጣት እንደ ደረቀ ቃሪያ ተጠማዛለች።  ቶሎ ብዬ በፒንሳ ላቃናት ስሞክር ቀጭ አለችና ሁለት ሆነች።

የዚያን ጊዜ ሄጄ “ሰበርኳት፣ ይቅር ይበሉኝ” ብል ታሪኩ እዚህ ያልቅ ነበር። ግን በሰው ፊት ዶክተር የተባለ ሰው እንዲህ ዓይነቱ ቀላል ነገር አይታየውም። ከቻይና ብዕሮቼ የአንዷን የፕላስቲክ ምላስ ነቀልኩ። እሷ ቁጥር ስድስት ናት፤ የእሳቸው ጫፍ የሚፈልገው ቁጥር አምስት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ፍቄ አሳነስኳትና ገጠምኳት። ግማሽ ገጽ ጻፍኩ፤ ማለፊያ ነው። ሌላውን ግማሽ ገጽ ለመሞከር ፈራሁ። በማግስቱ ለኦቦ ነገራ አስረክቤ፣ “እንደ አዲስ ሆናለች” አልኳቸው።

ረቡዕ ከሰዓት ልጃቸው ቦንቱ ደወለችልኝ።

“መምህር፣ አባዬ ይፈልጉሃል።”

“ብዕሯ እንዴት ሆነች?”

“ና እና እያት” አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ይሁን ቁጣ አልለየሁም።

ቤታቸው ስደርስ ኦቦ ነገራ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀምጠዋል። መጽሐፍ ቅዱሶቹ ተደርድረዋል። ሦስቱ ላይ ስም በሚያምር ቁቤ ተጽፏል። አራተኛው ላይ “ሊሊሴ” የሚለው ስም ግማሽ ድረስ ሄዶ ከዚያ በኋላ ሐይቅ ነው። የሽማግሌው እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰማያዊ ሆኗል። ብዕሯ ተፈታታ በሳህን ላይ ተጋድማለች።

“የእኔዋ ምላስ የት አለች?” አሉኝ።

“ኦሪጅናሏ... ማለት፣ ዕቃው አርጅቶ ስለነበር... ጀርመኖቹ ያን ዘመን የተጠቀሙት ጎማ ከጊዜ ብዛት...”

“ኢልማ ኮ፣” አሉኝ ቀስ ብለው፣ “እኔ ጀርመን አገር ሄጄ አላውቅም።”

አልገባኝም።

“ምላሷን የሠራኋት እኔ ነኝ። ሰፈራው ጊዜ አንገር ጉቲን ተመድቤ አስተምር ነበር። ብዕሯ ወድቃ የፋብሪካ ምላሷ ተሰበረ። እንኳን የብዕር ዕቃ ጨው የሚገዛበት ሱቅ ሩቅ ነው። የተሰበረ የቀንድ ዋንጫ ነበረን። ከቀንዱ ጫፍ ቆርጬ በምላጭ ጠረብኳት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ቦዩን ስቀድ ወባዬ ተነሳብኝና እጄ ሳተ።” ዓይን ዓይኔን አዩኝ። “ሂሳብ አልነበረም።”

ከበሩ ኋላ ቦንቱ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።  ያ የበግ እግር ሽታ ቀንድ ሲቀቀል የሚሸተው ነበር። አራት መቶ ሰው ያደነቀው የጀርመን ጥበብ የወባ ትኩሳት ነበር። አላዋቂ ሳሚ ምን እንደሚለቀልቅ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ያን ዕለት ግን ፊቴ ላይ ተሰማኝ።

“ሰበርኳት” አልኩ በመጨረሻ። “ሙቅ ውሃ ውስጥ ረሳኋት፣ ከዚያ በፒንሳ ሰበርኳት፣ ከዚያ ዋሸሁዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“ረሳሃት?”

“ቴሌግራም ላይ ስለ እሷ እየጻፍኩ ነበር።”

ኦቦ ነገራ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ሲያበቁ ግን የተሰበረችውን ምላስ አምጣ አሉኝ። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሁለቱን ስባሪ መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ጊዜ አዩአቸው። ያኔ አልሳቁም። 

“ዋናው ሕመሟ ምን ነበር?” አልኩ።

“የደረቀ ቀለም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንድ ቀን ብትቀመጥ ይበቃት ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ መንቀል ስላቃተኝ፣ የሚያጥብልኝ ሰው ፈልጌ ነው አንተ ዘንድ የመጣሁት።”

“ታዲያ ያን ዕለት ስለ ጀርመን ስቀባጥር ለምን ዝም አሉ?”

“ደስ ብሎህ ነበር” አሉኝ።

በማግስቱ ስጋ ቤት ሄጄ ጥቁር የበሬ ቀንድ ለመንኩ። ባለ ስጋ ቤቱ ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ “ለምላስ” አልኩት፤ ምላስ ከፈለግክ ምላሱን ግዛ አለኝ። ሐሙስና ዓርብ ከትምህርት መልስ ኦቦ ነገራ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ቀንድ ጠረብኩ። እሳቸው በጣታቸው ያሳዩኛል፤ እኔ እቆርጣለሁ።

“ቀስ! ቀንድ ልብ አለው፤ ሥሩ በተዘረጋበት መስመር ተከተለው።”

የመጀመሪያዋ ቀጠነች። ሁለተኛዋ ተሰነጠቀች። ሦስተኛዋ ደህና ሆና ሳለ ወድቃ በበረንዳው ክፍተት ጠፋች። አራተኛዋን ስጠርብ አውራ ጣቴን ቆረጥኩ፤ ቦንቱ በፋሻ እያሰረችልኝ “ዶክተር፣ ሐኪም ልጥራልህ?” አለችኝ። አምስተኛዋና ስድስተኛዋ ላይ የሆነውን ለመናገር አልፈልግም። ሰባተኛዋ ቅዳሜ ጠዋት ገጠመች። ቦዩ ጠማማ ነው፤ እኔ ደግሞ ወባ አልነበረብኝም። ኦቦ ነገራ ቀለም ሞልተው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ሳቡ። ጻፈች። መስመሩ መጨረሻ ድረስ አልተዘጋችም፣ አልተፋችም። ሽማግሌው ብዕሯን ወደ እኔ አዞሩ።

“አርባ ስም በዚህ እጅ በአንድ ቀን አይሆንልኝም። እኔ ልጥራ፣ አንተ ጻፍ።”

እዚህ ላይ ሌላ ጉዴ ወጣ። ጆሮዬ ኦሮምኛ ከልጅነቱ ያውቃል፤ እጄ ግን ቁቤ አልተማረም። ያ የተመሰገነው ጽሑፌ በላቲን ፊደል ሲሆን የሦስተኛ ክፍል ልጅ ጽሑፍ ነው። ኦቦ ነገራ እያንዳንዱን ፊደል እየቆጠሩ፣ እኔ ምላሴን ነክሼ እየጻፍኩ፣ እስከ ማምሻው ጨረስን። በቀለም ሐይቅ የጠፋውን መጽሐፍ ቅዱስ በትርፍ ተክተው፣ የተበላሸውን ሰጡኝ። ቤት ስገባ አዴ ወርቂቱ ገለጥ አድርጋ አየችውና “ሊሊሴ ማን ናት?” አለችኝ። የአስራ አራት ዓመት ልጅ ናት፣ አላውቃትም፣ ስሟን ያበላሸው የእኔ የፕላስቲክ ምላስ ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። እስከ ዛሬ በጥርጣሬ ነው የምታየኝ።

እሑድ ኦቦ ነገራ አብሬያቸው እንድሄድ ስለለመኑኝ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። መዘምራኑ ከዘመሩ በኋላ ልጆቹ አንድ በአንድ እየተጠሩ መጽሐፋቸውን ተቀበሉ። ሲወጡ አንዲት ቀጭን ረጅም ልጅ መጽሐፏን ከፍታ ወደ ኦቦ ነገራ መጣች። ኤባ ትባላለች።

“አባባ፣ ስሜ ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል።”

አየሁት። ልክ ናት። ኤባ ማለት ምርቃት ነው፤ እኔ አንዷን ፊደል ገድፌ ምርቃቱን አስቀርቼባታለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ኦቦ ነገራ ብዕሯን ከኮታቸው አወጡ። መጽሐፉን እኔ ያዝኩላቸው። የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን በግራ እጃቸው ደግፈው፣ የጎደለችውን ፊደል ከሁለት ፊደሎች መሀል ከፍ አድርገው አስገቡ። እንዳታበላሽ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ብዕሯ ሳትዘጋ፣ ሳትተፋ፣ አንዲት ትንሽ ፊደል ጽፋ ቆመች።

“ጻፈች!” ብዬ ጮህኩ፤ ሰው ሁሉ ዞረ። ልጅቷ ስሟን ያበላሸው ሰው ለምን እንዲህ እንደሚፈነጥዝ ግራ ገብቷት አየችኝ፤ ከዚያ ቀለሙን እፍ እፍ እያለች ወደ እናቷ ሄደች።