የአራቱ ጨዋዎች መረቅ

ተረፈ ምስክርነት ሊሰጥ መድረክ ላይ ሲወጣ በአንድ እጁ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሌላው ቡናማ የወረቀት ከረጢት ይዞ ነበር። ከመዘምራኑ ጋር የቆመችው ሚስቱ ፋናዬ ከረጢቱን አወቀችው። ከጓዳዋ፣ ከሩዙ ጣሳ ጀርባ የደበቀችው ነው።

"ወገኖቼ፣ እህል ሆዴ ውስጥ አልረጋ ብሎ እንዴት እንደተሰቃየሁ አይታችኋል። ሐኪም መርምሮ መርምሮ ምንም አላገኘም። እንዴት ያግኝ? በሽታዬ ያለው ጓዳዬ ውስጥ! ይኼን ያገኘሁ ቀን በኢየሱስ ስም ገሠጽኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይኸው እበላለሁ!"

ከረጢቱን ከፍ አድርጎ አሳየ። ላዩ ላይ በቀይ ቀለም ከላይ ወደ ታች የተጻፈ ነገር አለ፤ ውስጡ የደረቀ ሥር ነው። ጉባኤው አጉረመረመ። አብዛኞቹ በልጅነታቸው አንገታቸው ላይ ክታብ ታስሮላቸው ያደጉ፣ ጌታን ሲያገኙ በጥሰው የጣሉ ሰዎች ናቸው። ቀይ ጽሕፈትና ሥር አንድ ላይ ሲያዩ ሌላ ምን ያስቡ? በየቀኑ የሚያልፉበት የቻይና ምግብ ቤት ማስታወቂያም በዚያው ፊደል የተጻፈ ነው፤ ግን በዚያ ሰዓት ማን ያስታውስ።

"ክታብ ነው!" ብላ አንዲት ሴት ጮኸች። ተረፈ አልካደም፤ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ የሰው ሁሉ ዓይንም ተከትሎት ዞረ።

እውነቱ ይኸውና። ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ የኦስሎ አውቶቡስ ሹፌሩ ተረፈ መሪውን ሄልስፊር ጣቢያ ላይ ለሌላ ሰው አስረክቦ፣ ሲክመልዲንግ የሚሉትን የሕመም ፈቃድ አስጽፎ አመሩድ ካለው ፎቅ ቤታቸው ተኛ። ሁለት ጉርሻ ሲቀምስ ሆዱ ይነፋል፤ የበላው አልረጋ ይላል። ፊቱ አመድ መሰለ። ፋስትሌገው፣ የቤተሰብ ሐኪሙ፣ ሆስፒታል ልኮት በጉሮሮው ካሜራ አስገቡለት፤ ምንም የለም ተባለ። ፋናዬ የምትሠራው ሃውገንስቱዋ አጠገብ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። እዚያ እናቷን ለመጠየቅ የምትመጣ ፍሩ ሊን፣ ወይዘሮ ሊን እንደ ማለት፣ የምትባል ቻይናዊት ነበረች፤ ግሮንላንድ ሰፈር የአገሯን ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ አላት። ፋናዬ ቢቸግራት ነገረቻት።

"ሲበላ ይደክመዋል? ምላሱ ነጣ ይላል?" አለች ፍሩ ሊን በተሰባበረ ኖርዌጅኛ።

"ያ፣ አዎ፣ ሁለቱም" አለች ፋናዬ።

"የደም ግፊትስ?"

"ናይ፣ የለበትም።"

ፍሩ ሊን አራት ነገር መዝና ከረጢት ውስጥ ጨመረች። ጂንሰንግ፤ ባይ ጁ የሚባል ቁርጥራጭ ሥር፤ ጥድ ሥር ላይ የሚበቅል፣ ፉ ሊንግ የሚሉት ነጭ ፈንገስ፤ አራተኛው ኖርዌዮቹ ከረሜላ የሚሠሩበት የላክሪስ ሥር ነው። ላክሪሱ በማር ይቆላል አለቻት። "አራቱ ጨዋዎች ነው ስማቸው። አይቸኩሉም፣ አይጮኹም። የደከመ ሆድ ቀስ ብለው ያነሣሉ። ጥሬ ነገርና ቀዝቃዛ ግን እንዳትሰጪው።"

መጋቢ ሐብታሙ "የባዕድ ሥር የባዕድ መንፈስ ያመጣል" እያሉ የሚሰብኩ ሰው ናቸው፤ ተረፈ ደግሞ ለሽምግልና ታጭቷል። ስለዚህ ፋናዬ መረቁን እያጠለለች፣ ዶሮና ሩዝ እየቀቀለችበት፣ ሾርባ ነው ብላ አጠጣችው። ተረፈ መጀመሪያ ግማሽ ሳሕን ጨረሰ፤ ከዚያ ሙሉ፤ ከዚያ ጨምሪልኝ አለ። መረቁ ነው፣ ጸሎቱ ነው ብሎ የሚከራከር ይከራከር። ሰውየው ግን በላ።

ምስክርነቱ እንዳበቃ ሽማግሌዎቹ ፋናዬን ወደ ጓሮ ክፍል ጠሯት።

"መድኃኒት ነው። የሆድ መድኃኒት ነው፣ መጋቢ።"

"መድኃኒት ከሆነ ለምን ደበቅሽው፣ እህት ፋናዬ?"

ንስሐ እስክትገባ ከአገልግሎት ታገደች፤ የመዘምራኑን ቀይ ካባ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ፋናዬ ልጅ የላትም፣ ዘመድም ኦስሎ የላትም። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሽማግሌ ስታጥብና ስታገላብጥ የምታስበው እሑድ ቆማ የምትዘምርባትን ቦታ ነበር። አሁን ያቺም ቦታ ተወሰደችባት።

ቤት ሲደርሱ ተረፈ ኮቱን አውልቆ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ።

"ሾርባው የለም እንዴ?"

"የቱ ሾርባ?"

"ያው የለመድኩት ነዋ።"

ፋናዬ አፏን ያዘች። "ታውቅ ነበር?"

"ከመጀመሪያው ማንኪያ ጀምሮ። ላክሪስ ላክሪስ እያለ እንዴት አላውቅም?"

"ታዲያ ለምን እንዲህ ታደርገኛለህ?"

"እህት የምሥራች ባለፈው ከቤተ ክርስቲያን መጥታ ጓዳሽን ስታሸት አላየሻትም?" አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "የዚያች ሴት አፍ ደግሞ አያርፍም። ነገ ብታወራ፣ 'ለሽምግልና የታጨው ሰው በጠንቋይ ሥር ዳነ' ሊባል ነው። ስለዚህ ቀደምኳት። አንቺ ምን ትሆኛለሽ? ንስሐ ትገቢያለሽ፣ ያልፋል። በይ አሁን ራበኝ።"

ፋናዬ አልጮኸችም። ተነሥታ ማቀዝቀዣውን ከፈተችና ጥሬ ጎመንና ካሮት ከትፋ፣ ከቀዝቃዛ ወተት ጋር አቀረበችለት። በማግሥቱም እንደዚያው። ፍሩ ሊን አትስጪው ያለቻትን ሁሉ እየመረጠች ሰጠችው። ደስ አላት። ነገሩን ማሳመር አያስፈልግም፤ ሆዱን ይዞ ሲታጠፍ እያየች ደስ አላት።

ተረፈ ሽማግሌ ሆኖ ተሾመ። ለሹመቱ የገዛው ሱፍ ትከሻው ላይ እንደ ተሰቀለ ልብስ ይወዛወዝ ጀመር። አንድ ቀን ጨክኖ እስከ ፍሩ ሊን ሱቅ ድረስ ሄደ። የበሩን እጀታ እንደያዘ፣ ከመንገዱ ማዶ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሁለት የቤተ ክርስቲያን እህቶች "ሽማግሌ ተረፈ!" ብለው እጃቸውን አውለበለቡለት። እሱም ቀጥሎ ወዳለው ሱቅ ገብቶ ካልሲ ገዝቶ ተመለሰ። ፋናዬ ካልሲውን አይታ ነገሩ ገባት፤ ዕንባዋ እስኪፈስ ሳቀችበት።

በመጨረሻ ጓዳ ድረስ መጥቶ እግሯ ሥር ቁጭ አለ። "ፋኒዬ፣ ልሞት ነው። ሥሪልኝ።"

"እሑድ መድረክ ላይ ወጥተህ እውነቱን ተናገር። እንደተናገርክ ቤት ስንመለስ ድስቱ ይጠብቅሃል።"

"እናገራለሁ። እግዚአብሔር ያውቃል እናገራለሁ።"

አመነችው። ይኼ ነው የፋናዬ ሞኝነት። ቅዳሜ ከፍሩ ሊን ሁለት ከረጢት ገዛች፤ እሑድ ጠዋት ተነሥታ ላክሪሱን በማር ቆላች፤ አራቱንም ጨምራ መረቁ ተንኖ እስኪወፍር ቀቀለች። የመረቁ ሽታ የፎቁን ደረጃ ሞላው። ሰውየው እንዲያ ከስቶ ስታየው ደስታዋ ወደ ሐዘን ተለውጦ ነበር፤ እውነቱን ከተናገረ ይቅር ልትለው፣ በእጇ ልታጠጣው ቆርጣለች። ድስቱን ከድና ምድጃው ላይ ትታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ የኋላው ረድፍ ላይ ተቀመጠች።

ተረፈ ሲወጣ መጋቢ ሐብታሙ ትከሻውን ደገፉት። "ወገኖች፣ ወንድማችን ለምን እንዲህ ከሳ? ንገረን፣ ወንድሜ። ቤትህ ውስጥ የቀረ ነገር አለ?"

ተረፈ ጉባኤውን አየ፤ ፊት ለፊት የተቀመጡትን ሽማግሌዎችና በመካከላቸው ባዶ ያለችውን የራሱን ወንበር አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ፋናዬ ሳታውቀው ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

"አለ፣" አለ ተረፈ። "ዛሬ ጠዋት እንኳ ድስት ጥዳ ነው የመጣችው።"

ጉድ ፈላ። ከበቧት፤ ራሷ ላይ እጅ ጫኑባት፤ "ውጣ!" እያሉ ጮኹ። ከሁሉ ከብዶ የተጫናት እጅ የባሏ መሆኑን በቀለበቱ አወቀች። ከጸሎቱ በኋላ መጋቢው "ይኼ ነገር ዛሬውኑ ከነሥሩ ይነቀላል" ብለው ሽማግሌዎቹን አስከትለው ተነሡ። ቴባነው በሚሉት የከተማው ባቡር ውስጥ ተረፈ ጆሮዋ ጋ ጠጋ አለ። "ቀድመሽ ግቢና ድስቱን መታጠቢያ ቤት ደብቂልኝ። ሲሄዱ እጠጣዋለሁ።"

ፋናዬ ውስጥ የነበረው ሐዘን ያን ጊዜ ደረቀ።

ሽማግሌዎቹ ወጥ ቤቱን ሞሉት። ድስቱ እንደ ተከደነ ምድጃው ላይ አለ። ፋናዬ መሬት ላይ ተንበረከከች።

"መጋቢ፣ ተሸንፌያለሁ። ክታብ ነው። ድግምት ነው። ንስሐ እገባለሁ።"

"ጌታ ይባረክ!" አሉ ሁሉም።

"ግን የቤቱ ራስ እሱ ነው። በራሱ እጅ ይድፋው።"

"ልክ ብላለች!" አሉ መጋቢ ሐብታሙ። "ና፣ ወንድም ተረፈ!"

ተረፈ ክዳኑን አነሣ። ያ የማርና የላክሪስ ሽታ ፊቱ ላይ ተነነ፤ ሆዱ ሁሉም እየሰማው አጉረመረመ። ሚስቱን አያት፤ አቀርቅራለች። ድስቱን አዘንብሎ ገንዳው ላይ ቀስ ብሎ አፈሰሰው፣ ቀስ ብሎ። መጋቢው "ጠብታ አታስቀር!" አሉት። የተቀቀለውን ሥር፣ ቀጥሎም ያልተነካውን ከረጢት በገዛ እጁ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተ። ዕንባው ኮለል ብሎ ወረደ።

"የደስታ ዕንባ ነው! አልቅስ፣ ወንድሜ!"

ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የፋናዬ አሜን ነበር።

መጋቢው እጇን ይዘው አስነሧት። "እህት ፋናዬ፣ ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ካባሽን ትለብሻለሽ።" እሷም እጃቸውን ስማ፣ አረፍ በሉ እንጂ እንዲህማ አትሄዱም ብላ ማዕድ አቀረበች። ጥሬ ክትፎ ነበራት፤ ከማቀዝቀዣ የወጣ አይብ ነበራት፤ ሚጥሚጣው ክትፎውን አቅልቶታል። ማዕዱን ባርኮ የሚያስጀምረው የቤቱ ባለቤት ነውና ተረፈ ጸለየ። ጸሎቱን ረዘም አደረገው።

ሁሉም የዳነው ሰው ሲበላ ለማየት ጠበቁ። ፋናዬ እጇን ታጥባ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ክትፎውን በእንጀራ ጠቀለለች፤ ጠቅልላ አይብ ጨመረችበት፤ መዳፏን ሞላው።

"በሞቴ፣" አለችው በጣፈጠ ድምፅ። "ድነህ የለም እንዴ?"

ሰው ፊት የሚስትን ጉርሻ ማን ይመልሳል? ተረፈ አፉን ከፈተ። አጎረሰችው። እስኪውጥ ጠበቀችና፣ ሽማግሌዎቹ እየሳቁ እያጨበጨቡ፣ ሁለተኛውን ትልቅ አድርጋ ጠቀለለች።