ግራ እጅ የቆረጠው ካፖርት

ሚሊሜትር በቀኝ እጇ ጨርቅ መቁረጥ ያቆመችው ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ስትሮክ ጣላት። አንደበቷና እግሯ ከወራት በኋላ ተመለሱ፤ ቀኝ እጇ ግን እንደ ዛለ ቀረ።

ሚሊሜትር የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ሁለት የስፌት መኪና ብቻ በሚይዘው ጠባብ ሱቋ አንድ ልብስ ከልኩ ጥቂት ቢዛነፍ ታስፈታው ነበር። መስፋቱና መተኮሱ የታናሽ እህቷ ድርሻ ነው፤ መቀሱን ግን ከእሷ በቀር የሚነካው አልነበረም።

ገና ሆስፒታል ሳለች፣ ታናሽ እህቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «እትዬ፣ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ብትላት፣ በተኮላተፈ አንደበቷ «እንግዲያው ድግሱን ያፋጥነው፤ ጦሜን ልሞት ነው» ብላ መለሰችላት።

ጸሎቷ አንድ ብቻ ነበር፤ ቀኝ እጄን መልስልኝ። ቀጠሮ ያፈረሰ ሰፊን እንደሚሞግት ደንበኛ አምላኳን ትሞግተው ነበር። እጁ አልተመለሰም። በምትኩ የመጣው ሌላ ነገር ነው፤ እጅግ ቀስ ብሎ ስለመጣ ግን ሲገባ አላየችውም።

በአሮጌ አንሶላ ጀመረች። ለቀኝ እጅ የተሠራ መቀስ በግራ ሲያዝ ስለቱ የጠመኔውን መስመር ይሸፍናል፤ ጨርቁም አልቆረጥ ብሎ በሁለቱ ስለቶች መካከል ይታጠፋል። እህቷ ልያዝልሽ ስትላት «እጄን እንጂ አፌን አላጣሁም፤ ስፈልግ እጠራሻለሁ» ትላታለች፤ አትጠራትም። አንድ ቀን የዛለውን እጅ አንሥታ ጨርቁ ላይ አኖረችው። እጁ ከበደ፤ ጨርቁም ሳይንሸራተት ቀጥ አለ። ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ የምሬት ልቅሶ አልነበረም።

ዝናቡ አልፎ ብርዱ ሲጠና፣ የቆዩ ደንበኛዋ የሆኑት ጡረተኛ መምህርት ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ ይዘው መጡ። በልጅ ልጃቸው ምረቃ ዕለት የሚለብሱት ካፖርት እንዲሆንላቸው ፈልገዋል፤ የሚቆርጠውም ከእሷ ሌላ እንዳይሆን አደራ አሉ። ሚሊሜትር ይህ ካፖርት ካልተሳካ ዳግመኛ መቀስ እንደማትጨብጥ ለራሷ ቃል ገባች።

እህቷ ክር ልትገዛ ስትወጣ ጠብቃ ብቻዋን ቆረጠችው። ደረቱ ሰመረ፤ ጀርባው ሰመረ። ሁለቱን እጅጌ ጎን ለጎን ስታስቀምጥ ግን ስህተቷን አየች። የእጅጌውን የወረቀት ቅርጽ ሳትገለብጥ ደግማ ቆርጣበት ኖሮ ሁለቱም የቀኝ እጅጌ ሆነዋል። ሱፉ ፊትና ጀርባ ስላለው ገልብጦ መስፋት አይቻልም፤ የተረፈውም ቁርጥራጭ ብቻ ነው። እንዲህ የሚሳሳት ጀማሪ ነው።

እህቷ ስትመለስ እጅጌዎቹን አየችና ፈገግ አለች።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ እትዬ። እኔ ከእነዚህ ጋር ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ።»

ሚሊሜትር ያኔ አስታወሰች። እህቷ ገና ሥራውን ስትለምድ ይህንኑ ስህተት ሠርታ ነበር፤ መቀሱን ከእጇ የነጠቀቻትም ያን ዕለት ነው። ያኔ ራሷ የተናገረቻት ቃል ሁሉ አሁን አንድ ባንድ መጣባት። ደግሞም እህቷ ጥላት መሄድ ስትችል ቀርታ መተኮሷን፣ በሆስፒታል ጸጉሯን ማበጠሯን አሰበች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «ምን ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀቻት።

እህቷ እጅጌውን በጣቷ ለካች። «ስህተቱ ያለው ከክርን በላይ ነው። ከክርን በታች ቀኝም ግራም የለውም። የግራውን የላይኛ ክፍል ብቻ ከቁርጥራጩ እናውጣው፤ ጥንዱ እንዲመስል ሌላውንም ክርኑ ላይ ቆርጠን እንቀጥለዋለን።»

አስቀድማ ግን ሚሊሜትር ራሷ ለመምህርቷ ደውላ የሆነውን ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። እሳቸውም ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደተሳሳቱና ዳስተር የተሠራው ለዚሁ እንደሆነ ነግረዋት፣ ክርን ላይ ስፌት ቢኖር ደስ እንደሚላቸው አከሉ።

ቁርጥራጩን እህቷ በሁለት እጇ ወጥራ ያዘች፤ ሚሊሜትር በግራዋ ቆረጠች። የቀኙ እጅጌ ተራ ሲደርስ መቀሱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እህቷ ገፋችው። እህቷ አላነሣችውም። «አንቺ ነሽ የምትቆርጪው» አለቻት ሚሊሜትር፤ የዛለ እጇንም አንሥታ ጨርቁ ላይ አሳረፈችላት።

መምህርቷ ካፖርቱን ለብሰው መስታወቱ ፊት ሲዞሩ፣ ሚሊሜትር ስለ ቀኝ እጇ ሳትለምን አምላኳን ስታመሰግን ራሷን አገኘች። የምታመሰግንበት ነገር በዛባትና የቱን አስቀድማ እንደምትጠራ ቸገራት፤ ስለ ሱፉ፣ ስለ ክርኑ ስፌት፣ ጨርቅ ስለሚይዘው የዛለ እጅ፣ አንድም ቀን ቂም ሳትይዝ ስለተኮሰች እህት።

መምህርቷ ከወጡ በኋላ እህቷ ወደ መተኮሻው ተመለሰች።

«ከሰኞ ጀምሮ» አለች ሚሊሜትር፣ «አንቺም ትቆርጫለሽ፤ የሚተኩስ ሰው እንቀጥራለን።»